በፈረንጅ ነው በሐበሻ?

ባንኮክ ልሄድ ነው ስል የሰማ ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «ምነው? ምን ሆነሽ?»

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ላይ ባንኮክ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሕክምና ነው። ቤቱን ሸጦ የሄደ አለ። ዘመድ አዝማድ አዋጥቶለት የሄደ አለ። በዊልቸር ሄዶ በእግሩ የተመለሰ አለ። ሳይመለስ የቀረም አለ። ስለዚህ የከተማዋ ስም ሲነሳ የሰው ፊት ትንሽ ይጠቁራል።

እኔ ግን ምንም አልሆንኩም ነበር። ሃኖይ ላይ የሥራ ሥልጠና ነበረኝ፤ መንገዴ በባንኮክ በኩል ነው። ትኬቱን ስቆርጥ መሃል ላይ ሁለት ሌሊት አስገባሁ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደርሼ ቅዳሜ በጠዋት እወጣለሁ። አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ነጠላ። ጓዜ ይኸው ነው።

አውሮፕላን ላይ አጠገቤ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ትልቁን የራጅ ፖስታ ከላይ ካለው ማስቀመጫ ውስጥ አላስገባም አለች። ሌሊቱን ሙሉ ጭኗ ላይ ይዛው አደረች። እሳቸው በየመሃሉ ነቃ ይሉና «ተኚ እንጂ ልጄ፣ የታመምኩት እኔ» ይሏታል። ስንወርድ ዊልቸር መጣላቸው። «እግዜር ይማርዎት አባባ» አልኳቸው። «አሜን። አንቺስ ምንሽን ነው?» አሉኝ። ደህና ነኝ፣ ከተማ ለማየት ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው። «እንግዲያው ለእኔም እይልኝ» አሉ።

ይህች ቃል ሁለቱን ቀን አብራኝ ዞረች።

ሱዋናፑም አየር ማረፊያ ትልቅ ነው፤ ብዙ ያስኬዳል። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ከኢሚግሬሽኑ ሰልፍ በፊት የጤና ቁጥጥር ጠረጴዛ አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንን መጀመሪያ የምናሳየው እዚያ ነው። ይህን ሳያውቁ ረጅሙን ሰልፍ የጨረሱ ሁለት ወንድሞች ከመስኮቱ ሥር ወደ ኋላ ሲመለሱ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀላል ነው። ምድር ቤት ባቡር አለ። እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ፓያ ታይ ድረስ፣ 45 ባት ያስከፍላል። ትኬቱ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ከፓያ ታይ ታክሲ መያዝ ይቻላል። እኔ በእግሬ ወርጄ የሴን ሴፕን ቦይ ፈለግሁ። ባንኮክ ድሮ መንገዷ ውሃ ነበር። ብዙዎቹ ቦዮች ተደፍነው አስፋልት ሆነዋል። ሴን ሴፕ ግን ዛሬም ተማሪና ሠራተኛ ያመላልሳል። ጀልባው ቆመ ሲባል አይቆምም፤ ገመዱን ይዞ መዝለል ነው። ረዳቷ ሄልሜት አድርጋ፣ በጀልባው ጠርዝ ላይ ከውጭ በኩል እየተራመደች ሂሳብ ትሰበስባለች። ውሃው ጥቁር ነው፤ ይሸታል። ሌላ ጀልባ በአጠገብ ሲያልፍ ማዕበሉ ሰው እንዳይመታ ዳር የተቀመጠው ገመድ ስቦ የፕላስቲኩን መጋረጃ ያነሳል። ማንም አያዘውም። ዳር የተቀመጠ ሰው ሥራ ነው።

እኔም ዳር ነበር የተቀመጥኩት። አላወቅሁም። አጠገቤ ያለች ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ እጇን እጄ ላይ አድርጋ ገመዱን አብራኝ ሳበችው። ውሃው ግን ቀድሞን ነበር። ሸሚዜ ራሰ። ልጅቷ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገጥማ አንገቷን ሰበረች። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነች። እስከ መጨረሻው ድረስ እያንዳንዱን ጀልባ ከሩቅ እያየን አብረን ስንስብ ሄድን። ከዚያች ልጅ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ያረፍኩት ባንግላምፑ በሚባለው ሰፈር ነው፤ የጀርባ ቦርሳ ተጓዦች ሰፈር። ዝነኛው ካኦ ሳን መንገድ እዚያው ነው። ካኦ ሳን ማለት የተፈተገ ሩዝ ማለት ነው፤ ድሮ የሩዝ ገበያ ነበረ። አሁን ቢራና ሙዚቃ ነው። አንድ ጊዜ ዞርኩትና በቃኝ። ከጎኑ ያሉት ጠባብ መንገዶች ግን ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። ልብስ ይሰጣል፣ ልጅ ይሮጣል፣ አሮጊት በር ላይ ተቀምጣ ቅጠል ትቀነጥሳለች።

ማረፊያው ቤት እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ልጅ ነው። ገንዘቤን ተቀብሎ ደረሰኝ ጻፈልኝ። ቀኑን አየሁት፦ 12/12/67።

እኔ የኢትዮጵያ ሰው ነኝ። 67 ሲባል ዓይኔ የሚያየው 1967ን ነው። ንጉሡ የወረዱበት ማግሥት፣ የመሬት አዋጁ፣ አባቴ ሲያወሩ የማይሰለቻቸው ዓመት። ደረሰኙን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ልጁ የተሳሳተ መስሎት መልሶ አየው። ከዚያ ገባው። ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር አሳየኝ። 2567 ይላል። ታዮች ዓመት የሚቆጥሩት ከቡድሃ ዕረፍት ጀምረው ነው። ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። የኛ 2017 ነበር፤ ታኅሣሥ 3፣ በዓታ። ከእኛ በ550 ዓመት ይቀድማሉ ማለት ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ፀሐይ።

«በናንተስ?» አለኝ። በወረቀት ላይ ጻፍኩለት፦ 3/4/2017። ታኅሣሥ አራተኛ ወራችን ነው አልኩት። አየው። «እሺ» አለ። ቁልፉን ሰጠኝ።

በቃ። «እሺ» ብቻ።

ይህ ምን ያስደንቃል የሚል ሰው ይኖራል። እኔን ግን ነክቶኛል፤ ምክንያቱን ልናገር። ከፈረንጅ ጋር መሥራት ከጀመርኩ ጀምሮ ቀንና ሰዓት ሳስረዳ ነው የኖርኩት። 13 ወር እንዳለን አስረዳለሁ። አዲስ ዓመት መስከረም ላይ እንደሆነ አስረዳለሁ። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ አንድ ሰዓት እንደምንል አስረዳለሁ። ሰሚው ይስቃል። «ታዲያ በሰባት ዓመት ልጅ ሆናችሁ ማለት ነው!» ይላል፤ ሁሉም የመጀመሪያው ተናጋሪ እሱ ይመስለዋል። አንዴ አብሮኝ የሚሠራ ሰው በቀጠሮ ተላለፍንና «ለምን አታስተካክሉትም?» አለኝ። አታስተካክሉትም! እንደተበላሸ ነገር። ያን ቀን መልስ አጣሁ። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ፣ እኔ ራሴ ሳስረዳ ድምፄ ውስጥ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለ ማወቄ ነው። ባንኮክ ላይ ግን የአንድ ተራ ማረፊያ ቤት ደረሰኝ 67 ይላል፤ ማንም ይቅርታ አይጠይቅበትም።

የራሰውን ሸሚዝና የመንገዱን ልብስ ይዤ ወጣሁ። ከማረፊያው ሁለት በር አልፎ ልብስ አጣቢ አለ፤ በኪሎ ነው የሚያጥቡት። ባለቤቷ ነጭ ፀጉር ያላቸው አሮጊት ናቸው። ሚዛን ላይ አስቀመጡት። መቼ ይደርሳል ብዬ በእጄ ምልክት ጠየቅኋቸው። ሁለት ጣታቸውን አነሱ። «ሶንግ ቱም።» ሁለት። ያኔ አስር ሰዓት ገደማ ነበር፤ በፈረንጅ አራት። ሁለት የምትባል ሰዓት ነገ ካልሆነች በፈረንጅ አቆጣጠር አልነበረችም። ግራ ተጋብቼ ልጁን ጠራሁት። መጥቶ በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። «ስምንት ሰዓት ማታ ማለታቸው ነው። በታይ አነጋገር ሁለት ይባላል።»

የማታ ስምንት ሰዓት። ሁለት።

መጀመሪያ ያለቀስኩ መስሎኝ ዓይኔን ነካሁት። አላለቀስኩም። ግን እንደዚያ ያለ ነገር ነው የተሰማኝ። ባዕድ ከተማ ውስጥ ሰው ድንገት በእናትህ ስም ሲጠራህ የሚሰማ ዓይነት ነገር።

ቁጭ አልኩና ልጁን አስቆጠርኩት። ማታ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ የፈረንጁ ሰባት አንድ ነው። ስምንት ሁለት ነው። ዘጠኝ ሦስት፣ አስር አራት፣ አስራ አንድ አምስት። «ቱም» የድሮ የሌሊት ከበሮ ድምፅ ነው፤ የቀኑ ደግሞ «ሞንግ»፣ የደወሉ ድምፅ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ቁጥሩ ይቋረጥና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቀን ቀን በአሁኑ አነጋገር ከእኛ አይገጥምም። ከማታው 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ግን ባንኮክና አዲስ አበባ ሰዓቱን በአንድ ቁጥር ነው የሚጠሩት። በቀን ውስጥ አምስት ሰዓት።

ባንኮክና መቀሌ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ሊተካከል ትንሽ ነው የቀረው። በእንዲህ ያለ ሀገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ ሰዓቷን ብዙ አታዛንፍም። ስለዚህ ሰው ከእሷ መግቢያና መውጫ ተነስቶ ቢቆጥር ያስኬደዋል። ለንደን ላይ ቢሞከር አይሆንም፤ በታኅሣሥ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። የኛ አቆጣጠር የተሳሳተ ሰዓት አይደለም። የሀገሩ ፀሐይ ሰዓት ነው። ይህን ለዚያ ሰውዬ ብመልስለት ኖሮ!

በአገራችንም ሁለት ሰዓት ይባላል ብዬ ለአሮጊቷ አስነገርኩላቸው። ይገረማሉ ብዬ ስጠብቅ አልተገረሙም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ሰዓት ለእሳቸው ሁለት ሰዓት ነው።

ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ጺሙን ያሳመረ፣ የማዕረግ ልብስ የለበሰ የንጉሥ ፎቶ ተሰቅሏል። ልጁ አምስተኛው ራማ ነው አለኝ፤ ቹላሎንግኮርን። ብዙ ሱቅና ቤት ውስጥ አየሁት። ከ1868 እስከ 1910 የነገሠ ነው፤ ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው። በምኒልክ ዘመን ማለት ነው። በምዕራብ እንግሊዝ በርማን ይዛ፣ በምሥራቅ ፈረንሳይ ቬትናምን ይዛ፣ እሱ መሃል ላይ ቆየ። ያለ ኪሳራ አልነበረም። በ1893 ከሜኮንግ ወዲያ ያለውን ለፈረንሳይ፣ በ1909 አራት የማላይ ግዛቶችን ለእንግሊዝ ለቋል። አገሪቱ ግን ቅኝ አልተገዛችም። የልብስ አጣቢ ቤት ግድግዳ ላይ ያ ፎቶ ለምን እንደሚሰቀል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙዎቻችን ያደግነው ምኒልክ ከተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር ነው።

ኋላ የአገሩ ሰዎች አንዳንዱን ለውጠውታል። አዲስ ዓመታቸው ከኤፕሪል 1 ወደ ጃንዋሪ 1 የዞረው በ1941 ነው። ወሮቹ ከፈረንጁ ጋር ይገጥማሉ። የዓመቱን ቁጥር ግን አልለቀቁም።

በሁለት ሰዓት ሄጄ ልብሴን ተቀበልኩ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በወረቀት ታስሮ ነበር። «ሶንግ ቱም» አልኳቸው። «ሶንግ ቱም» አሉኝ። ሳቁ።

ዓርብ ሊነጋ ሲል ወጣሁ። ከካኦ ሳን ማዶ ዋት ቻና ሶንግክራም የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፤ ዋት ማለት ቤተ መቅደስ ነው። መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። ብርቱካንማ ልብስ፣ በክንድ የታቀፈ ጎድጓዳ ዕቃ። ድምፅ አያሰሙም። አይለምኑም። ቆመው ይጠብቃሉ። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከች፤ በላስቲክ የታሰረ ሩዝ ጨመረች። መነኩሴው አጭር ጸሎት አደረሰላትና ሄደ። ሴት መነኩሴን አትነካም፤ እሷም እጇን አራቅ አድርጋ ነው የጨመረችው።

አያቴ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ነው የተማሩት። ውሻ የነከሳቸውን ጠባሳ እግራቸው ላይ ያሳዩን ነበር። ያ ኑሮ እኛ ከተማ ውስጥ እየራቀ ሄዷል። እዚህ ግን ሴቨን ኢለቨን በሚባለው ሱቅ ደጃፍ፣ ከኤቲኤሙ አጠገብ፣ በየማለዳው አለ። ተማሪው ይበላል፣ ሰጪው ይባረካል፣ ቀኑ ይጀመራል። እኔም ሙዝ ገዝቼ ጨመርኩ። ለአያቴ ነው የሰጠሁት።

ወደ ዋት ፖ የሄድኩት በእግሬ ነው። በታላቁ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር አንድ ንጹህ የለበሰ ሰው አስቆመኝ። ዛሬ ዝግ ነው፣ ሥነ ሥርዓት አለ አለኝ። ቱክቱክ አለ፣ በ20 ባት ያዞርሻል አለ። ቱክቱክ የእኛ ባጃጅ ነው። ይህ የታወቀ ማታለያ ነው፤ መጨረሻው የከበሩ ድንጋዮች ሱቅ ነው፤ ርካሹን በውድ መሸጥ። አመስግኜ አለፍኩ። ቤተ መንግሥቱ ክፍት ነበር። 500 ባት ያስገባል። አልገባሁም። ሁለት ቀን ላለው ሰው ሁሉን ማየት ምንም አለማየት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋት ፖ ግን ሰፊ ጊዜ ሰጠሁት። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ውስጥ 46 ሜትር የሚረዝም፣ 15 ሜትር ከፍ የሚል በጎኑ የተጋደመ ቡድሃ አለ፤ በወርቅ የተለበጠ። አንድ ላይ ሆኖ አይታይም። በዓምዶቹ መሃል ፊቱን ታያላችሁ፣ ቀጥሎ ክንዱን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን። መጨረሻ ላይ የእግሩ መዳፍ ነው። 108 ምልክቶች በሚያብለጨልጭ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተቀርጸውበታል። ከጀርባው በግድግዳው ሥር 108 የነሐስ ዕቃዎች ተደርድረዋል። ሰው ትንንሽ ሳንቲም ይዞ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ እየጣለ ያልፋል። ያ ድምፅ አያቋርጥም። ጥግ ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሩቅ እንደሚሰማ ጸናጽል ነው።

እኔን ያቆመኝ ግን ቡድሃው አይደለም። ግቢው ውስጥ ትንንሽ ክፍት ድንኳን የሚመስሉ ቤቶች አሉ። ግድግዳቸው ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተተክሏል። የሰው ገላ ተስሎበታል፤ ከፊት፣ ከኋላ። በላዩ ላይ መስመርና ነጥብ አለ። የት ሲታመም የት እንደሚታሽ ነው። ሦስተኛው ራማ የሚባለው ንጉሥ በ1830ዎቹ ዋት ፖን ሲያሳድስ የአገሩን ዕውቀት አሰብስቦ በድንጋይ አስቀረጸው። መድኃኒት፣ ወጌሻነት፣ ግጥም፣ ታሪክ። ከ1,400 በላይ ጽሑፍ አለ። ዩኔስኮ በ2011 የዓለም መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የታይ መታሸትም በ2019 ተመዝግቧል። እዚያው ግቢ ውስጥ ዛሬም ትምህርት ቤት አለ።

እዚያ ድንኳን ጥላ ሥር ብዙ ተቀመጥኩ። ንጉሡ ዕውቀቱን ያኖረው ዝግ ሣጥን ውስጥ አይደለም፤ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ነው። ማንበብ የሚችል ሁሉ ያንብበው ብሎ። እኛ ሰፈር አጥንት የሚያቃኑ አንድ ወጌሻ ነበሩ። ሆስፒታል የተወውን እጅ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጃቸውን አላስተማሩም። «ካወጣሁት ይረክሳል» ይሉ ነበር። ሞቱ፤ ዕውቀቱም አብሮ ተቀበረ። ስንት ደብተራ፣ ስንት መድኃኒተኛ እንዲህ ሄዷል። ይህን ሳስብ ያ የአውሮፕላን አባት ትዝ አሉኝ። በዚያች ሰዓት ከተማዋ ውስጥ የሆነ ቦታ ተኝተው፣ ፎቷቸው መብራት ላይ ተሰቅሎ፣ ሐኪሞች እሳቸው በማያውቁት ቋንቋ ያወሩባቸዋል። ለእኔም እይልኝ ብለው ነበር። የእብነ በረዱን ሰውዬ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጉልበት አንድ በአንድ አየሁላቸው።

ዋት አሩን ከወንዙ ማዶ ነው፤ መሻገሪያው 5 ባት። በተሰባበረ ሸክላና ሰሃን ያጌጠ ረጅም ማማ ነው። ቆንጆ ነው። የሙሽራ ልብስ ለብሰው ፎቶ የሚነሱ በዝተው ስለነበር ብዙ አልቆየሁም።

ከዚያ ቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን ጀልባ ይዤ ወደ ቻይናዎቹ ሰፈር ወረድኩ። 16 ባት ነው። እዚያ ዋት ትራይሚት አለ፤ አምስት ቶን ተኩል የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ ያለበት። ታሪኩን ላሳጥረው። ለረጅም ዘመን በኖራ ተለስኖ ተራ ሐውልት ይመስል ነበር። በ1955 ወደ አዲስ ቤት ሲያዛውሩት ወደቀ፣ ልስኑ ተሰነጠቀ፣ ወርቁ ታየ። ከወራሪ ለመደበቅ እንደተለሰነ ይታመናል። የደበቁት ሰዎች ምሥጢሩን ለማንም ሳይነግሩ አለፉ። በግራኝ ዘመን ታቦትና ንዋየ ቅድሳት ተሸክመው ወደ ጣና ደሴቶች የተሻገሩት አባቶች ትዝ አሉኝ።

ዓርብ ነው፤ ጾመ ነቢያትም ገብቷል። ምግብ አልቀመስኩም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመቆየት ወሰንኩ። ግን በየትኛው ዘጠኝ ሰዓት? ባንኮክ ላይ ዘጠኝ ሲሆን አዲስ አበባ ገና አምስት ሰዓት ነው። ከእግሬ ሥር ባለው ጥላ ልሂድ አልኩ። ያለሁበት ፀሐይ ነች የምታዘኝ።

ታይላንድ ጾመኛን ታስቸግራለች። አትክልቱ ውስጥ ሁሉ የዓሣ መረቅ አለ። መፍትሔውን የነገረኝ የማረፊያው ልጅ ነው። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥር የሚመስል ነገር ፈልጊ አለኝ። «ጄ» ይባላል። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። የቻይና ተወላጆች የጾም ምግብ ነው። የኛን ጾም የሚመስል እንዲህ ያለ ነገር ከሀገር ውጪ አግኝቼ አላውቅም። እንዲያውም ይብሳል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ያለ ሽንኩርት ሽሮ ማሰብ ለእኔ ይከብደኛል። የእንጉዳይና የቶፉ ሾርባ በኑድል አዘዝኩ። ሻጯ ሳህኑን ስታቀርብ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ነበር። አማተብኩ። አየችኝና እስክጨርስ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ማንኪያውን ሰጠችኝ።

ወደ ማታ በምድር ውስጥ ባቡር ሉምፒኒ መናፈሻ ሄድኩ። ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ከተማው በሙሉ እዚያ የሚሮጥ ይመስላል። ሐይቁ ዳር ሰው የሚያክል አርጃኖ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ ሯጩ ሁሉ ዞር ብሎ ያልፈዋል። አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ገባች።

ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ድምፅ ማጉያው ሙዚቃ ከፈተ። ሯጩ ሁሉ ቆመ። እየሮጠ የነበረው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ። ላቡ የሚንጠባጠብ ሰው እጁን ወደ ታች ዘርግቶ ቀጥ አለ። ጋሪ የሚገፋ አባት ቆመ። የጆሮ ማዳመጫ ያደረገች ልጅ ሌሎቹን አይታ ነቀለችውና ቆመች። ብሔራዊ መዝሙር ነው፤ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ይዘመራል። እኔም ተነሳሁ። አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። እንዳለቀ ማንም ምንም ሳይል ሩጫው ከቆመበት ቀጠለ።

አባቴ ይህን ይነግሩን ነበር። በልጅነታቸው ማታ ባንዲራ ሲወርድ መንገደኛ ሁሉ ባለበት ይቆም ነበር፤ እህል የጫነው አህያ ነጂ ሳይቀር። ሲተርኩልን ተረት ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ። አባቴ ይናፍቁት የነበረው ባንዲራውን ብቻ አይደለም። የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ዝም የሚልባትን ያቺን ደቂቃ ነው።

ጨለመ። ከመናፈሻው በር ላይ ጋሪ ያላት ሴት ሻይ ትሸጣለች። በረዶ አይግባበት ብያት ትኩሱን ሰጠችኝ። እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትቆዪው ብዬ በምልክት ጠየቅኋት። አራት ጣት አነሳች። «ሲ ቱም።» አራት። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ስልኬ ጠራ። እናቴ ነች። አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቅዳሴ ወጥታ፣ ልትቀምስ ስትል ነው የደወለችው።

«በላሽ ወይ?» አለችኝ መጀመሪያ።

«በልቻለሁ። የጾም አገኘሁ።»

«እሰይ። ብርድ ነው?»

«ሙቀት ነው እማዬ።»

«በታኅሣሥ?» አለች። ሳህን ሲቀመጥ ይሰማኛል። «እዚያ መሽቷል እንዴ? ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት።»

ትንሽ ዝም አለች። ልጇ ከፈረንጅ ጋር መሥራት ከጀመረች ወዲህ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀችኝ።

«በፈረንጅ ነው በሐበሻ?»

«በሐበሻ ነው» አልኳት።

«እዚያም በሐበሻ ነው እንዴ የሚቆጥሩት?»

ሻይ ሻጯ ለአንድ ደንበኛ መልስ እየቆጠረች ነው። ከኋላዬ የሯጮቹ ኮቴ ይሰማል።

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ማታ ማታ።»